የእትዬ ቁልፌ መብራት

ጎረቤቴን «ቁልፌ» ብሎ የሰየማት ባሏ ነው። እሷ ልብስ ሰፊ፣ እሱ ሰዓት ሠሪ። በወጣትነታቸው የሸሚዙ ቁልፍ ወልቆበት ሊያስተክል ወደ ሱቋ ገባ፤ በማግስቱ ራሱ የበጠሰውን ሌላ ቁልፍ ይዞ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። የሸሚዙ ቁልፎች ሲያልቁ ሰበቡም አለቀበትና «እንግዲህ አንቺ ነሽ ቁልፌ» አላት። ከዚያ ወዲህ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሐኪም ቤት ብቻ ነው። ሰፈሩ «እትዬ»ን ጨመረላት። እኔ በዕድሜ እበልጣታለሁ፤ ነገር ግን የሰፈር አፍ እንደ ጎርፍ ነው፣ ቆሞ የሚመልሰው የለም፤ እኔም እትዬ ቁልፌ እላታለሁ።

የምንኖርበት ፎቅ ጠባብ ነው። ከታች ሦስት ሱቆች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል፦ የእሷ የስፌት ሱቅ፣ መሐል ላይ የባሏ የሰዓት መጠገኛ፣ ከወዲያ የስልክ ጠጋኟ ሱቅ። ከላይ የእኔ ክፍል አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ አመክንዮ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ፤ «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲያ ይሆናል» ስል ኖርኩ ማለት ነው። ሳረጅ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ዓለም «ከሆነ»ውን ሰምታ «ይሆናል»ውን የምትረሳ መሆኗ ነው። ጧት ጧት ደረጃውን ወርጄ ሰዓት ሠሪው ዘንድ መቀመጥ የምወደው ለዚህ ይመስለኛል። አንዱ ጥርስ ሲዞር ሌላው ሳያንገራግር የሚዞርበት ቦታ ብዙ የለም።

ሰዓት ሠሪውን ጆሮው የከዳው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የእጅ ሰዓት ምት ጠፋበት፤ ከዚያ የግድግዳ ሰዓት፤ በመጨረሻ የሰው ድምፅ። መስሚያ ተገዝቶለት ነበር፤ «ጫጫታውን ያመጣል፣ ወሬውን ይተዋል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቀበረው። እጁና ዓይኑ ግን እንደ ድሮው ናቸው። ችግሩ የሱቁ አሠራር ነው። ሱቁ እንደ ኮሪደር ረጅም ነው፤ በሩ በአንድ ጫፍ፣ ብቸኛው መስኮት በሌላው ጫፍ፣ የመሥሪያ ጠረጴዛው ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ከግድግዳው ጋር አብሮ የተገነባ። ሰዓት ሠሪ ያለ ብርሃን ምንም ስለሆነ፣ ፊቱን ለመስኮቱ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ አንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽሩን ወትፎ ይውላል። ሰው ገብቶ ቢያስል፣ ባንኮኒ ቢደበድብ አያውቅም።

አንዲት ደንበኛ ብዙ ጠብቃ ጠብቃ «ንቆኝ ነው» ብላ በሩን ወርውራ ሄደች። ሌላው ሰዓቱን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ፤ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሰዓቱ እዚያው ተቀምጦ ደህና ይሠራል። እትዬ ቁልፌ ግን ጆሮ አላት። በግድግዳው በኩል የበሩን ማጠፊያ ሲንቋረር ስትሰማ፣ መኪናውን አቁማ፣ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ በውጭ ዞራ ትመጣና ትከሻውን መታ ታደርገዋለች። የሙሽራ ቀሚስ ቢሆን፣ የሐዘን ልብስ ቢሆን፣ ሥራዋን ጥላ ትነሣለች።

ቀላል መንገድ መሞከሯ አልቀረም። አንድ ቀን ጠንካራ የጂንስ ክር ከበሩ እጀታ አስነሥታ፣ በግድግዳው አስኪዳ፣ ጫፉን ከባሏ ቁርጭምጭሚት ጋር አሰረችው። በሩ ሲከፈት ክሩ ይስበዋል፣ እሱም ዞር ይላል፣ ነገሩ ይኼው ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ ግን በጥድፊያ የሚኖር ሰው ኖሮ በሩን ገንጥሎ ሊገባ ምንም አልቀረው። የሰዓት ሠሪው እግር ወደ ላይ ተወነጨፈ፣ ጉልበቱ ጠረጴዛውን መታ፣ ከሰሊጥ ያነሱ ብሎኖች እንደ ዝናብ ወረዱ። ያን ዕለት ሁላችንም በጉልበታችን እየዳኽን ብሎን ስንለቅም ዋልን።

«ባልሽ ነኝ ወይስ አሻንጉሊትሽ?» አለ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ።

«አሻንጉሊትማ ብትሆን መች ታጉረመርም ነበር!» አለችው፤ ግን አልሰማትም።

ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። ውሎ አድሮ ማንንም ሳያማክር ለአከራዩ መልእክት ልኮ፣ በወሩ መጨረሻ መጥቶ የሱቁን ቁልፍ እንዲረከበው ነገረው። ለእሷ የነገራት እኔ ባለሁበት ነው። «አንቺን ደወል አድርጌ አልኖርም» አላት። ክፉ ቃል አልነበረም። ለእሷ ብሎ መሆኑ ነው ነገሩን የባሰ ያደረገው።

እትዬ ቁልፌ በማግስቱ ወደ ክፍሌ ወጣች። ወንበር ብሰጣትም አልተቀመጠችም።

«መምህር፣ ፈርቻለሁ» አለችኝ። «ይሄን ሰውዬ ያውቁታል። እጁ ሥራ ከፈታ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ እያየ ያልቅብኛል። ጆሮውን ወሰዱብኝ፣ እሺ። እጁንም ልቀማ?»

የማጽናኛ ቃል ፈለግሁ። የፈላስፋ ማጽናኛ እንደ ጠባብ ኮት ነው፤ ይለበሳል እንጂ አይቆለፍም። «እስቲ ስልክ ጠጋኟን እንጠይቃት» አልኳት። ከአፌ ከወጡት ቃላት ሁሉ የጠቀመው ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ስልክ ጠጋኟ ምላሰ ፈጣን ሴት ናት። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ከጠረጴዛው እያራቃት ስለነበር፣ ክንዷን ዘርግታ እንደ ዋናተኛ ነበር የምትሠራው። የእትዬ ቁልፌን ነገር ሰምታ ሳትጨርስ፣ «ታዲያ ለጆሮ ያልሆነ ደወል ለዓይን ይሁናላ!» አለች።

«የዓይን ደወል ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

«መብራት ነዋ፣ እትዬ! ሰው ሲገባ ፊቱ ላይ ብልጭ የሚል።»

«በሩ ሲከፈት በርቶ ሲዘጋ የሚጠፋ ከሆነ፣ እሱ ቀና እስኪል ሰውየው ቤቱ ይደርሳል።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት። የሚያስታውስ ነገር ያስፈልገናል።» መሳቢያዋን ጎርጉራ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ሰማያዊ ቦርድ አወጣች። «ይቺ ማይክሮኮንትሮለር ትባላለች። ትንሽም ብትሆን አእምሮ አላት። የነገሯትን ታደርጋለች፣ ያልነገሯትን አታደርግም።»

እትዬ ቁልፌ ቦርዷን በመዳፏ ይዛ ገላመጠቻት። «እንዲህ ያለ ባል ነበር የሚያስፈልገኝ» አለች።

ስልክ ጠጋኟ እኔ ልሥራልዎት አለች። እትዬ ቁልፌ ግን ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ አስተምሪኝ። ነገ ሲበላሽ አንቺን ከአራስ አልጋ ልጎትትሽ ነው? ደግሞ ለባሌ የምሰፋውን ነገር ሌላ ሰው ሰፍቶት አያውቅም።»

ትምህርቱ እንዲህ ተጀመረ። ከሰዓት በኋላ፣ የስፌት ሱቋን ዘግታ፣ «ስልኬ ተበላሸ» በሚል ሰበብ። ስልኳ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተበላሽቶ አያውቅም። ባሏ «እዚያ ስልክ ቤት ሐሜቱ በዝቷል» ብሎ ነገረኝ፤ እኔም አዎ በዝቷል አልኩት። ለቦርዷ ትእዛዝ የሚጻፍበት የስልክ ጠጋኟ ላፕቶፕ ላይ የሚወጣው እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ እቀመጣለሁ። ቋንቋውን አነባለሁ፣ ነገሩን አላውቅም፤ እሷ ነገሩን ትረዳለች፣ ቋንቋውን አታነብም። ሁለት ግማሽ ሰዎች አንድ ተማሪ ሆንን።

የመጀመሪያው ትምህርት አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል አምፖል ማብራትና ማጥፋት ነበር። «በእንግሊዝኛ ‹ሃይ›፣ ከፍ በይ፣ ሲሏት ትበራለች፤ ‹ሎው›፣ ዝቅ በይ፣ ሲሏት ትጠፋለች» አለች ስልክ ጠጋኟ።

«ሃይ?» አለች እትዬ ቁልፌ። «እኛ ቤት እኮ ሃይ ሲባል ነው ሁሉም ነገር ጸጥ የሚለው! ልጄን ያሳደግሁት ሃይ እያልኩ ነው።»

«ይቺ ሲቆጧት ነው የምትበራው።»

«ጉድ ነው። ሃይ ባይ የምትፈልግ አምፖል!»

ከዚያ የመቆያው ቃል መጣ። አንድ ሰከንድ ብርት ብላ እንድትቆይ የሚጻፈው ቁጥር አንድ ሺህ ነው። እትዬ ቁልፌ ይህን አልወደደችውም። «አንዷን ሰከንድ ሺህ ቦታ ሸነሸኗት? ባሌ ቢሰማ ያለቅሳል።» ሆኖም መሸንሸን ሙያዋ ነውና በአንድ ከሰዓት ተዋወቀችው። አምፖሏን እያፈጠነች፣ እያዘገየች፣ የስፌት መኪናዋን ምት አስመስላ ስታስጨፍራት ስልክ ጠጋኟ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ይቅርብኝ፣ እትዬ፣ ዛሬ ይወለዳል!»

ነገሩን ሁሉ ወደ ስፌት ተርጉማ ነው የያዘችው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ የዝግጅት ክፍል አለው፤ «መርፌ ላይ ክር ማስገባት» አለችው። ከዚያ ማለቂያ የሌለው እየዞረ የሚደገም ክፍል አለ፤ «ፔዳል መርገጥ»። የሚከፈት ቅንፍ ሁሉ መዘጋት አለበት ሲባል፣ «ቁልፍ ካለ ቀዳዳ አለ» ብላ አለፈችው፤ እኔ ያንን ለማስረዳት ለተማሪዎቼ ምሳሌ ስፈልግ ዓመታት ጨርሻለሁ። ስልክ ጠጋኟ በመጨረሻ፣ «ከትእዛዙ ሁሉ ጫፍ ላይ ድርብ ሰረዝ ያድርጉ፤ ከረሷት ሁሉም ነገር ገደል ይገባል» አለች።

«ቋጠሮ በይኛ! ያልተቋጠረ ስፌት መቼ ይቆማል?»

በጣም የወደደችው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ጋድሞች፣ ማለትም ሁለት የተጋደሙ መስመሮች፣ አድርጋ ከዚያ በኋላ የፈለገችውን ብትጽፍ ቦርዷ እንደማታነበው ሲነገራት፣ ዓይኗ በራ። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ እየቀየረች ከየመስመሩ ጎን ለራሷ ማስታወሻ ትጽፍ ጀመር። «እዚህ ጋ ብልጭ በይ»፤ «ሰውዬው ቀና ካላለ አሁንም ብልጭ በይ»፤ «እሱ ግትር ነው፣ አትሰልቺ»። እኔ ከጎኗ ሆኜ ፊደሏን አርማለሁ።

«ቦርዷ የማታነበውን ምን ያርሙታል፣ መምህር?»

«እኔ አነበዋለሁ።»

«እንግዲያው ለእርስዎ ሌላ ጋድም አደርጋለሁ።»

ቤቴ ተመልሼ ብዙ ጊዜ ያሰብኩት ያንን የሚደገመውን ክፍል ነው። ቦርዷ በሩን ትጠይቃለች፦ ሰው ረገጠ? አልረገጠም። ሰው ረገጠ? አልረገጠም። አንድ ሰው አንድ ጊዜ በተነፈሰ ቁጥር እሷ እልፍ ጊዜ ጠይቃለች፤ ደግሞም እያንዳንዱን ጊዜ እንደ መጀመሪያው። ሽማግሌ ነገር ይደጋግማል ብለው ወጣቶች ይስቁብናል። እኔ እንዳየሁት ግን መደጋገም ከሁሉ ይልቅ የሚመስለው መጠበቅን ነው። ለዓመታት ግድግዳ ተደግፋ የበር ማጠፊያ ስታዳምጥ የኖረች ሴት ይህን ለማወቅ ቦርድ አያስፈልጋትም ነበር።

ምንጣፉን ራሷ ሠራችው። ሁለት ሰፋፊ የፎይል ወረቀት፣ በመካከላቸው ስስ ስፖንጅ፤ ስፖንጁን በመቀስ እየበሳሳች ወንፊት አስመሰለችው። ሰው ሲረግጠው ስፖንጁ ይጨፈለቅና ፎይሎቹ በቀዳዳዎቹ በኩል ይሳሳማሉ፤ ቦርዷም ትሰማለች። ዙሪያውን ዘምዝማ በሱቁ አሮጌ ምንጣፍ ሥር የሚገባ አደረገችው። መብራቱን ለማጥፋት ባሏ የሚጫናት ቁልፍ ለሱ ጣት በጣም ትንሽ ስለሆነች፣ ላይዋ ላይ ትልቅ ቡናማ የካፖርት ቁልፍ አጣበቀችባት። «ቁልፍ በቁልፍ ላይ» አለች፣ ሥራዋን ከሩቅ እያየች።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። አከራዩ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ነው። እቅዳችን ጧት ባሏ ዕቃውን የሚያሽግበት ካርቶን ፍለጋ ሲወጣ፣ ስልክ ጠጋኟ የመጨረሻውን ፕሮግራም ከእትዬ ቁልፌ ጋር አይታ፣ ገጥማ፣ እሱ ሲመለስ መብራቱ በርቶ እንዲቀበለው ነበር። ጧት ግን የስልክ ጠጋኟ ሱቅ ተዘግቷል። ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ገብታለች፤ ላፕቶፑን ለእትዬ ቁልፌ ስጧት ብላ ሄዳለች።

«በምጥ ላይ ያለችን ሴት ደውሎ ስለ ሽቦ የሚጠይቅ ሰው ሰው ነው?» አለች እትዬ ቁልፌ። «እንገጥመዋለን፣ መምህር። እኔና እርስዎ።»

ምንጣፉን ዘረጋን፣ ሽቦውን በግድግዳው ጥግ አስኬድን፣ አምፖሏን ጠረጴዛው ላይ ከወንበሩ ፊት ለፊት አቆምን። እሷ ላፕቶፑን የባሏ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ከፍታ ሙሉውን ፕሮግራም በራሷ እጅ ጻፈች፤ ማስታወሻዋም አልቀረም። ከዚያ ወደ ቦርዷ የሚልከውን ምልክት ተጫነች።

ቀይ ጽሑፍ መጣ።

«ምን አለች?»

መነጽሬን አስተካከልኩ። «‹የባዘነ› ነገር አለ ትላለች። በፕሮግራሙ ውስጥ የባዘነ ምልክት።»

«ማነው የባዘነው?»

«ስሙን አትናገርም። በቁጥር ነው የጠራችው። መስመሩን ግን አሳይታለች።»

መስመሩ የመቆያው መስመር ነበር። ቃሉን ፊደል በፊደል አነበብነው፤ ልክ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። ቅንፉ ልክ ነው። ከጫፉ ቋጠሮው አለ። ከዚያ ወዲያ «ትንሽ ታገሺ፣ ሰውዬው ዘገምተኛ ነው» የሚል ማስታወሻዋ አለ። ቃሉን አጥፍታ እንደገና ጻፈችው፤ ጫፉን አልነካችም። ቀይ። ሽቦ ይሆናል የባዘነው ብላ ሽቦውን ሁሉ ነቅላ ሰካች። ቀይ።

«መባዘን ማለት እኮ» አልኩ፣ «ነገሩ ራሱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በቤቱ ደህና የነበረ ነገር ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲገኝ…»

«መምህር፣ ፍልስፍናውን ለማታ ያቆዩልኝ፤ አከራዩ እየመጣ ነው!»

ሁለታችንም ግንባራችንን የላፕቶፑ መስተዋት ላይ ለጥፈን ሳለን፣ ሰዓት ሠሪው በጀርባው ሁለት ትልልቅ ካርቶን አዝሎ ገባ። ምንጣፉን ረገጠ። ምንም አልበራም። ጠረጴዛውን፣ ሽቦውን፣ እኛን አየ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

እትዬ ቁልፌ መደበቅ እንዳልቻለች ስታውቅ ባለ በሌለ ድምፅዋ ጮኸች። «መብራት ነው!»

«መብላት?» አለ ፊቱ ተቆጥቶ። «ጠረጴዛዬ ላይ? ገና ሳልለቅ ምግብ ቤት አደረጋችሁት?»

«መብራት! መብ-ራት!»

«አልራበኝም አልኩ እኮ!»

እኔ ወንበሩን ይዤ ሳቅሁ። እሷ ግን ልትስቅም ልታለቅስም ሆነች፤ ዞራ መስተዋቱን ማየቷን ቀጠለች። እሱ ጥቂት ቆሞ አያት። ምን እንደምትፈልግ አላወቀም፤ ትንሽ ነገር እየፈለገች እንዳላገኘች ግን ገባው። ያንን ሁኔታ ያውቀዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ነው። ካርቶኑን አወረደና ከመሳቢያው አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ሰጣት።

«እንኪ» አለ። «ጆሮዬ ነው የሄደው፤ ዓይኔን መዋስ ትችያለሽ።»

እትዬ ቁልፌ መነጽሩን ዓይኗ ላይ ወትፋ ወደ መስመሩ ጎንበስ አለች። በቃሉ ላይ ቀስ ብላ ሄደች፣ ቁጥሩን አለፈች፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ ላይኛው መስመር ጫፍ ሄደች። ተመለሰች። ከዚያ ቀና አለች፤ መነጽሩ ዓይኗ ላይ እንደተሰካ አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«ኧረ ይቺ የእኛ ናት!»

«ማን?»

«ድርብ ሰረዟ! ይዩዋት! የሌሎቹ ከላይ አንዲት ነጥብ፣ ከሥሯ ጭራ ያላት ነጥብ ናት፤ የፈረንጅ። ይቺ ሁለት ነጥብ ሁለት ሰረዝ! የእኛ የአማርኛዋ!»

አየሁ። እውነቷን ነው። ትእዛዙን ጽፋ ቋጠሮውን ረስታ ኖሯል፤ ማስታወሻዋን በአማርኛ ከጻፈች በኋላ ትዝ ሲላት ተመልሳ ጨመረችው። ኪቦርዱ ግን ገና ወደ እንግሊዝኛ አልተመለሰም። ያው ጣት፣ ያው ቁልፍ፤ የወጣው ግን ሌላ ፊደል። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ያላግባብ ያስቀመጠውን ድርብ ሰረዝ ሳርም ኖሬ፣ በትክክል የተቀመጠች፣ ያማረች ድርብ ሰረዝ ቤት ስታፈርስ አየሁ። ከቤቷ ወጥታ የባዘነች እሷው ነበረች።

«ቦርዷ አማርኛ አታውቅም!» እትዬ ቁልፌ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እኔ እዚህ አትሰልቺ፣ ታገሺ እያልኩ ስመክራት!»

አጠፋቻት፣ ኪቦርዱን መለሰች፣ የፈረንጇን ቋጠረች፣ ምልክቷን ተጫነች። ቦርዷ ላይ ያሉ ጥቃቅን መብራቶች ተርገበገቡ፤ ቀይ ጽሑፍ አልመጣም። ዝም አለ ሁሉም ነገር።

«ቁጭ በል» አለችው ባሏን በምልክት፣ ወደ ወንበሩ እያሳየች። «መምህር፣ እርስዎ ይውጡና ይግቡ።»

ወጣሁ። ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ፤ እንደዚያ ልቤ እየመታ የገባሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። በሩን ከፍቼ ምንጣፉን ረገጥኩ። ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከሰዓት ሠሪው አፍንጫ ፊት፣ አምፖሏ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ ትል ጀመር።

አያት። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። ከዚያ አምፖሏን። አልቆመችም፤ እንደተነገራት ሳትሰለች ትጠብቀዋለች። ጣቱን ዘርግቶ ቡናማዋን የካፖርት ቁልፍ ተጫነ። ጠፋች።

ከንፈሩ ይሠራ ነበር፤ ሰዓት ከፍቶ የተበላሸውን ሲያገኝ እንደሚያደርገው። «ውጣ» አለኝ በመጨረሻ። «ውጣና እንደገና ግባ።»

ወጣሁ ገባሁ። «እንደገና።» ሦስተኛውን እትዬ ቁልፌ ወሰደችብኝ። እሷ እንደ ደንበኛ ደረቷን ነፍታ ገባች፤ እሱ ከወንበሩ ሳይነሣ ዞሮ፣ «ምን ልታዘዝ፣ እመቤት?» አላት። ወጥታ እየተንቀራፈፈች ገባች፤ «ኧረ ቀስ፣ ሰዓቱ አይሮጥም!» በእግር ጣቷ ልትሰርቀው ሞከረች፤ ዞሮ ያዛት። በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ፤ ሴት ልጅ ተወለደች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው የሚል መልእክት ነው። ለባሏ አሳየችው። አነበበና አምፖሏን እየጠቆመ፣ «ዛሬ ሁለት ወለደች በላ!» አለ። ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት አሮጊት እንደዚያ ስንሆን ያየ አላፊ አግዳሚ ምን እንዳለ አላውቅም። ምን አገባኝ።

አከራዩ የመጣው እኛ በዚህ ላይ እያለን ነው። ወፍራም፣ ትሁት ሰው ነው፤ ለሚወስደው ነገር ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ የሚወስድ ዓይነት። እትዬ ቁልፌ በእጇ ምልክት ዝም አስባለችኝ፤ ሁለታችን ወደ ግድግዳው ተጠጋን። ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ዓይኑ ላይ ወትፎ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቷል። አከራዩ ሊያስል አፉን ከፈተ። ገና ሳያስል፣

«ግባ፣ ግባ! ምን በሩ ላይ ያስቆምሃል?» አለው ሰዓት ሠሪው፣ የካፖርቱን ቁልፍ ተጭኖ ዞር እያለ።

አከራዩ ደነገጠ። ወደ እኛ አየ፤ እኛ ጣራ እናያለን። «ጋሼ… እንደምን ዋሉ? እንግዲህ…» ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ቁልፉን ልወስድ ነው የመጣሁት!»

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ።

«ቁልፌን?»

«ቁልፉን!»

«ቁልፌንማ» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ወደ ሚስቱ በእጁ እየጠቆመ፣ «ለማንም አልሰጥም!»

አልሰማው ይሆን? ወይስ በደንብ ሰምቶታል? እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም፤ መልሱን ማወቅም አልፈልግም። አንዳንድ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ነው የሚያምርበት። እትዬ ቁልፌ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አከራዩ ጥቂት ቆይቶ ገባው፤ ሆዱ አስቀድሞ፣ ፊቱ ተከትሎ ሳቀ። «እንግዲያስ ይያዙት፣ ጋሼ፤ ለእኔም ደስታዬ ነው» አለና ወደ በሩ ተመለሰ። ሲወጣ ምንጣፉን ረገጠ።

አምፖሏ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ አለች።

ሰዓት ሠሪው ዞረ፤ የገባ ሰው የለም። ቅንድቡን ሰበሰበ። «ይሄማ ጉድለት ነው» አለ፣ እንደ ባለሙያ። «ሲገባም ሲወጣም አንድ ነው የምትለው።»

እትዬ ቁልፌ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ፣ ቃሉን እየሰነጠቀች፣ «ምናለበት! ሲወጣ ደግሞ ደህና ሁን ትለዋለሃ!» አለችው።

ይህን ሰማ። የካፖርቱን ቁልፍ ተጫነና፣ አከራዩ ጥጉን ሳይዞር፣ መንገዱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ደህና ሁን!» አለው።